ድንጋይን ከድንጋይ መለየት

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የታሪክ ትምህርት በምሰጥበት ጊዜ፥ ስለ ጥንታዊው ሰው የድንጋይ መሣሪያ ሳስረዳ አንድ ዕጩ መምህር ተነሥቶ «መምህር፥ ድንጋይን በድንጋይ መምታት ምን ዕውቀት ይጠይቃል?» ሲል ጠየቀኝ፤ ጓደኞቹም ሳቁ። ጥያቄው የሚገባ፥ ሳቁም የሚያሳስብ ሆኖ ስላገኘሁት ይህችን አጭር ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ትሆን ዘንድ አዘጋጀኋት።

አስቀድሞ ድንጋይ ሁሉ ለመሣሪያ እንደማይሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ቅንጣቱ የሻከረ ወይም ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ በተመታ ጊዜ ይፈረካከሳል እንጂ ስለት አያወጣም። ቅንጣቱ የላመና ውስጡ አንድ ወጥ የሆነው ግን የምቱ ኃይል ሳይበተን ስለሚያልፍበት፥ ቀጭንና ስለታም ፍንካች ይወጣዋል። ይህን ያልለየ ሠሪ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጥበቡ የሚጀምረው ከመምታት ሳይሆን ከመምረጥ ነው።

ለዚህም የመጀመሪያውን ምስክር የምናገኘው በአፋር ምድር በጎና ነው። ዶክተር ስለሺ ሰማውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ለዓለም የገለጿቸው የጎና መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ድንጋዩ የተወሰደው በአቅራቢያው ከነበረው የጥንት ወንዝ ጠጠር ነው። ሊቃውንት የወንዙን ጠጠር በየዓይነቱ ቈጥረው ከመሣሪያዎቹ ጋር ባስተያዩት ጊዜ፥ ትራኪት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በጠጠሩ መካከል ካለው ድርሻ ይልቅ በመሣሪያዎቹ መካከል በዝቶ ተገኘ፤ ከዚያውም ውስጥ ቅንጣቱ የላመው ተመርጦ ነበር። ሠሪው እጁ የደረሰበትን ሁሉ አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ድርሻዎች በተስተካከሉ ነበር። እንግዲህ እጅ ከመምታቱ በፊት ዓይን መርጦ ነበር ማለት ነው። የዚያ ዘመን ቅድመ አያቶቻችን አንጎላቸው ከእኛ እጅግ ያነሰ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል።

በጎና ድንጋዩ ቅርብ ነበር፤ መልካሙ ድንጋይ ሩቅ በሆነበት ስፍራስ ምን ተደረገ? በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው ካንጄራ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ስፍራ ነው። በዚያ የቅርቡ ድንጋይ ብዙው ልል ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይደነዝዛል። ስለዚህም ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኝ ጠንካራ ድንጋይ ተሠርተዋል። ለነገው ሥራ ዛሬ ሸክም መሸከም የአሳቢ ፍጥረት ጠባይ ነው።

በታንዛንያም ሉዊስ ሊኪና ሜሪ ሊኪ ብዙ ዘመን በደከሙበት በኦልዱቫይ ሸለቆ፥ ምርጫው የሥራውን ዓይነት የተከተለ ነበር። ናይቦር ሶይት ከተባለው ኰረብታ የሚመጣው ኳርትዛይት ስለቱ ብርቱ ስለሆነ አዘውትሮ ለትንንሹ መቍረጫ ዋለ፤ የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ ግን ስለቱ ቢያንስም ቶሎ ስለማይጐዳ ለከባዱ መሣሪያ ተመረጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፥ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት ለመሣሪያ ይውል ነበር። ባልጩት እንደ መስተዋት የሚሰበር፥ ስለቱም ከሁሉ የላቀ ድንጋይ ነው። የሚገኝበትም ስፍራ ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሆን እስከ ዛሬ ባልጩት ይባላል፤ ሁለቱም ስፍራዎች እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይህ ጥበብ ከምድር በታች ብቻ ተቀብሮ የቀረ አይደለም። በኮንሶ ቈዳ የሚፍቁ ሴቶች እስከ ዘመናችን ድረስ ድንጋዩን ራሳቸው መርጠውና ጠርበው ሲሠሩበት ኖረዋል። የሚሆነውን ከማይሆነው የሚለዩት በመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቶቻቸው በተማሩት ነው። ሆኖም ፋቂ፥ ቀጥቃጭ፥ ሸክላ ሠሪ እየተባለ በአገራችን የእጅ ባለሙያ ሲናቅ መኖሩን ማንም አይክደውም። በትምህርት ቤትም የፋቂ ልጅ የአባቱን ሥራ ለመናገር አፍሮ አንገቱን ሲደፋ ያላየ መምህር ያለ አይመስለኝም።

የዚያ ቀን ሳቅ ያሳሰበኝም ስለዚህ ነው። ሳቁ የመጣው ከሩቁ ዘመን ሳይሆን እጅ ከሚሠራው ሥራ ጋር ዕውቀትን ካለማገናኘታችን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ዕጩ መምህራኑን ወደ ወንዝ ወስጄ፥ ስለት ያወጣል የሚሉትን ድንጋይ እያንዳንዳቸው መርጠው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። ከሠላሳው ድንጋይ ስለት ያወጡት አራቱ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

እኛ መምህራን የሰውን ልጅ ታሪክ ከነገሥታትና ከጦርነት ብቻ ጀምረን ብናስተምር የሚበልጠውን ዘመን መዝለላችን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ይህ ይሆናል፥ ያ አይሆንም ብሎ ከለየ እጅ ነውና፥ ያን እጅ እናክብር፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ቀና ብሎ እንዲናገር እናድርግ።