የጋፋት ተማሪዎችና ገበያቸው

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሥራ ፈጠራን በተግባር ማስተማር ይገባል ሲባል፣ ነገሩ የዘመናችን ግኝት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በመቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የአንድ የተግባር ትምህርት ስፍራ ፍሬ ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ አዋቂ ሚሲዮናውያን አስቀምጠው፣ የአገሩ ወጣቶች ከእነርሱ ዘንድ ፊደልንና ጥበብን እንዲማሩ አደረጉ። ወጣቱም ማዕድን አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስን የተማረው ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ነው። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ይናቅ ስለ ነበረ፣ ይህ ብቻውን ታላቅ ድፍረት ነበር። በቢሮ ወንበር የተቀመጥነውም ብንሆን ንቀቱን ፈጽመን ትተነዋል ለማለት አልደፍርም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

ጉድለቱ ከገበያው ላይ ነበር። ሥራው የሚታዘዘው ለንጉሡ ጦር ስለ ነበረ፣ ገዢው አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ ገዢው ጠፋ፤ አስተማሪዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

ዛሬ በአምባው ስም የተሰየመው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በሚገኝባት በመካነ ሰላም፣ የደጋውን የበግ ጠጉር አስፈትሎ ባና ማሠራትን የሚማር ተማሪ ቢኖር፣ ፈትሉ ሳይጀመር አስቀድሞ ወደ ገበያ ወርዶ ባናውን ማን በስንት ብር እንደሚገዛው ይጠይቅ።