ዲግጣ

ዲግጣ፣ በአንዳንድ አካባቢ አጠራር ዝግጣ፣ ከአተርና ከባቄላ ቤተሰብ የሚመደብ ዱር በቀል ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካልፑርኒያ አውሪያ ይባላል። ከኤርትራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ በደቡብ ሕንድም ይገኛል። በኢትዮጵያ የሚታየው በጫካ ዳር፣ በወንዝ ዳርቻ፣ በተመነጠረ መሬትና በአጥር ጥግ ነው። ሆሳዕናና ዱራሜ ያሉበት፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ ይስማማዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ሲሆን፣ ሲመቸው ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ደማቅ ቢጫ አበባው ተንዠርግጎ ይወርዳል፤ ንብም ይቀስመዋል። የዘሩ ሽፋን ጠፍጣፋና ስስ ነው፤ በአንድ ጠርዙ ላይ ጠባብ ክንፍ አለው፤ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

ዲግጣ ግን መርዛማ ነው፤ መርዙም ኪኖሊዚዲን ከሚባሉት አልካሎይዶች የሚመጣ ነው። የጎጃም ገበሬ ግብጦን ቆልቶ ለቀናት በውሃ የሚዘፈዝፈው የዚሁ ወገን የሆነውን ምሬት ለማስለቀቅ ነው። እነዚህ አልካሎይዶች ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚግባባበትን መንገድ ያውካሉ። በብዛት የበላ እንስሳ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረውና ይሞታል። ዓሣ አጥማጆች ተክሉን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ያደነዝዙበታል።

ሌላ መኖ ያገኘ ከብት መራራውን ቅጠል አይነካም። አስጊው ጊዜ ሣር የሚጠፋበት በጋ ነው። መሬት በጠበበባቸው የሐዲያና የከምባታ ቀበሌዎች ብዙ ላም ደጅ ታስራ የታጨደ ሣርና የእንሰት ቅጠል ስለምትቀለብ፣ ሜዳ ላይ እንዳለችው ላም የምትመርጠው የላትም፤ ማጭድ የያዘው ሰው ነው የሚመርጥላት።

ይሁን እንጂ አርቢዎች ዲግጣን ነቅለው አይጥሉትም። ቅጠሉን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠውና አጥልለው፣ መዥገርና ቅማል የያዘውን ጥጃ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ሥር ያሹታል። ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥር መዥገርን እንደሚያሽመደምድና እንደሚገድል በቤተ ሙከራም ታይቷል። መዥገሩን የሚገድለው ግን ጥጃውንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ የታሸው ገላ እስኪደርቅ ጥጃው ራሱን እንዳይልስ፣ እናቱም እንዳትልሰው መጠበቅ ያስፈልጋል።

የታጨደ መኖ ለከብት ከመሰጠቱ በፊት ይበተን፤ ዲግጣ ከተገኘ ይለቀም። ከብት በልቶ ከታመመ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይታይ፤ የበላው ተክል ቅርንጫፍም አብሮ ይወሰድ።