በአንድ ሠዓሊ እጅ የተሣሉ ፓፓና ባሪያ

የሰው መልክ ሥዕል ከጥንት ጀምሮ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ንጉሥ ከነዘውዱ፥ ጳጳስ ከነመስቀሉ፥ ባለጸጋም ከነወርቁ የሚሣለው፥ ሥጋው ካለፈ በኋላ ስሙና ግርማው ለልጅ ልጅ እንዲቀርለት ነው። የሠዓሊው ዋጋ የሚከፈለው ከሚሣለው ሰው ኪስ ስለ ሆነ፥ ድኻ ወይም አገልጋይ በሸራ ላይ ቢገኝ እንኳ፥ ብዙውን ጊዜ ለጌታው ግርማ ማድመቂያ ሆኖ ከጎን ይቆማል እንጂ ራሱን ችሎ አይሣልም ነበር። ስለዚህ አንድ ታላቅ ሠዓሊ በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ፥ የሮማውን ፓፓና የገዛ ባሪያውን ለየብቻቸው በእኩል ጥበብ መሣሉ ለሥዕል አፍቃሪ ብቻ ሳይሆን ለታሪክ ተመራማሪም ብዙ የሚያስተምር ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ሠዓሊው ዲዬጎ ቬላዝኬዝ ይባላል። በ1599 ዓ.ም. በስፓኝ አገር በሴቪያ ከተማ ተወልዶ፥ ፍራንሲስኮ ፓቼኮ ከሚባል ሠዓሊ ዘንድ ጥበቡን ተምሮ፥ የመምህሩን ልጅ አገባ። በ1623 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተጠርቶ የንጉሥ ፊሊጶስ 4ኛ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነ። በ1649 ዓ.ም. ንጉሡ ለቤተ መንግሥታቸው ጌጥ የሚሆኑ ሥዕሎችንና ሐውልቶችን ገዝቶ እንዲያመጣ ወደ ኢጣሊያ ላኩት። በዚህም ጕዞ ሁዋን ዴ ፓሬሃ የሚባል አገልጋዩ አብሮት ሄደ።

ፓሬሃ በ1608 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ስፓኝ በአንቴኬራ ከተማ የተወለደ፥ ከአፍሪካ ዘር የሚመዘዝ፥ በሕግም የቬላዝኬዝ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በስፓኝ፥ ይልቁንም በሴቪያ፥ ባሪያ መግዛትና መሸጥ የተለመደ ነበር፤ ከእጅ ጥበብ ሰዎችም መካከል ባሪያ የሚያሠሩ ጥቂቶች አልነበሩም። የፓሬሃም ሥራ ቀለም መፍጨትና ሸራ ማዘጋጀት ነበር።

ቬላዝኬዝ ሮማ ከደረሰ በኋላ በ1650 ዓ.ም. የፓፓ ኢኖሰንት 10ኛን መልክ ሣለ። ፓፓው ቀይ ቆብና ቀይ አጭር ካባ ለብሰው፥ በቀይ መጋረጃ ፊት፥ በቀይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነገር ግን የተመልካቹን ልብ የሚይዘው የሐሩ ድምቀት ሳይሆን የፓፓው ዓይን ነው። ዓይናቸው ነቅቶ፥ ተጠራጥሮና መርምሮ የሚያይ ዓይን ነው። ፓፓውም ሥዕሉን ባዩ ጊዜ እውነትነቱ ከልክ ያለፈ መሆኑን እንደ ተናገሩ በትውፊት ይወራል። በእጃቸው በያዙት ወረቀት ላይ የሠዓሊው የቬላዝኬዝ ስም ተጽፎ ይታያል።

በ1724 ዓ.ም. የስፓኝን ሠዓሊዎች ታሪክ ያሳተመው አንቶኒዮ ፓሎሚኖ እንደሚተርከው፥ ቬላዝኬዝ ፓፓውን ከመሣሉ አስቀድሞ እጁን ለማፍታታት የፓሬሃን መልክ ሣለ። ሥዕሉንም ራሱን ፓሬሃን አስይዞ ወደ ወዳጆቹ ቢልከው፥ ሰዎቹ አንዴ ሸራውን አንዴ ሰውየውን እያዩ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚናገሩ ግራ ገባቸው ይባላል። ይኸው ሥዕል በማርች 19 ቀን 1650 ዓ.ም.፥ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፥ በጥንታዊው የሮማ ሕንፃ በፓንቴዮን ለሕዝብ ታየ፤ በሮማ የነበሩ የልዩ ልዩ አገር ሠዓሊዎችም አደነቁት።

የሥዕሉ ቁመት 81 ሳንቲሜትር፥ ወርዱም 70 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ወንበር የለበትም፥ መጋረጃም የለበትም፤ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ግራጫ ባዶ ሜዳ ብቻ ነው። ፓሬሃ ጥቁር ግራጫ ልብስ ለብሶ፥ ካባውን በትከሻው ላይ ጥሎ፥ አንድ እጁን በደረቱ ፊት አሳልፎ ቆሟል። ነጩ የዳንቴል አንገትጌ በጥቂት ፈጣን የብሩሽ ምት የተሠራ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት የተበታተነ ቀለም፥ ራቅ ብለው ሲያዩት ግን በእጅ የሚዳሰስ ዳንቴል ይመስላል። ብርሃኑም በግንባሩና በአፍንጫው ላይ አርፎ የፊቱን ቡናማ ቀለም ያሞቀዋል። የአገልጋይነት ምልክት የሚሆን ሳሕን ወይም የሥራ ዕቃ በእጁ የለም። አንገቱን ሳያቀረቅር በቀጥታ ተመልካቹን ያያል። አቋሙ የመኰንን አቋም ነው። ማንነቱን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ ባሪያ ነው ሊል አይችልም።

ሆኖም ሰውየው ባሪያ ነበረ። ሥዕሉ በፓንቴዮን ተሰቅሎ በሚደነቅበት ቀን ባለመልኩ የሠዓሊው ንብረት ነበር። የቀለሙ ውበት ይህን እንዳያስረሳን መጠንቀቅ ይገባል።

ፓሬሃ አርነት የወጣበትን ሁኔታ በተመለከተ ፓሎሚኖ አንድ ደስ የሚል ታሪክ ጽፏል። ፓሬሃ ከጌታው ተሰውሮ ሥዕል ከተማረ በኋላ፥ የሠራውን ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው፤ ንጉሡ ገልብጠው ባዩት ጊዜ፥ እንዲህ ያለ ተሰጥዎ ያለው ሰው ባሪያ ሊሆን አይገባም ብለው ነፃ እንዲወጣ አዘዙ ይላል። ነገር ግን ጄኒፈር ሞንታጉ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ በሮማ መዝገብ ቤት አግኝታ በ1983 ዓ.ም. ያሳተመችው ሰነድ ሌላ ነገር ያስረዳል። ቬላዝኬዝ ራሱ በኖቬምበር 23 ቀን 1650 ዓ.ም. በሮማ የፓሬሃን የአርነት ወረቀት ፈርሟል። ወረቀቱ ግን ውል ነበረበት፤ ፓሬሃ አራት ዓመት ሳይሸሽና ወንጀል ሳይሠራ ማገልገል ነበረበት። እንግዲህ ነፃነቱ የጸናው በ1654 ዓ.ም. ነው። ተረቱ የንጉሥን ቸርነት ያሳያል፤ ሰነዱ ግን የሰጪውን እጅና ስጦታው የዘገየበትን ዘመን ያሳያል።

ቬላዝኬዝ ራሱም በዘመኑ ክብር የሚፈልግ ሰው ነበረ። በእጅ ሥራ የሚኖር ሰው ከመኳንንት ጋር አይቈጠርም ነበርና፥ በቅዱስ ያዕቆብ የፈረሰኞች ማኅበር ለመግባት በጠየቀ ጊዜ ስለ ትውልዱና ስለ ሥራው ብዙ ምስክር ተሰማ። ሥዕል ሸጦ የሚኖር ነጋዴ እንዳልሆነ ቢመሰክሩለትም የመኳንንት ትውልዱን ማስረገጥ ስላልተቻለ የፓፓ አሌክሳንደር 7ኛ ፈቃድ አስፈለገ፤ በ1659 ዓ.ም. ማኅበሩን ገባ፥ በዓመቱም በ1660 ዓ.ም. ሞተ። በ1656 ዓ.ም. በሠራው «የደንገጡሮች» ሥዕል ውስጥ ራሱን ከንጉሡ ልጅ አጠገብ ብሩሽ ይዞ ሥሎ ነበር፤ የማኅበሩ ቀይ መስቀል በደረቱ ላይ የተጨመረው ኋላ ነው። የሠዓሊን እጅ ከዝቅተኛ ሥራ ለማስቈጠብ ይህን ያህል የደከመ ሰው፥ የሌላውን ሰው እጅ በባርነት ይዞ መኖሩ የዚያን ዘመን ሕሊና የሚያስመረምር ነው።

ፓሬሃ ከጌታው በኋላ አሥር ዓመት ኖሮ በ1670 ዓ.ም. በማድሪድ አረፈ። ከነፃነቱ በኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆኖ፥ በ1661 ዓ.ም. «የማቴዎስ መጠራት» የሚባለውን ትልቅ ሥዕል ሠራ፤ ይህም ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ይገኛል። ወርዱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ጌታ ቀራጩን ማቴዎስን ሲጠራው በሚታይበት በዚህ ሥዕል በግራው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ተመልካቹን ያያል። ሰውየው ፓሬሃ ነው። በእጁ ወረቀት ይዟል፤ በወረቀቱም ላይ የተጻፈው የገዛ ስሙ ነው። የፊቱን ቀለም ቬላዝኬዝ ከሣለው ይልቅ ፈካ አድርጎታል፤ የሰው ትውልድ በሚመዘንበት አገር ይህን ለምን እንዳደረገ አንባቢ ሊያስብበት ይገባል።

ፓሬሃ እንደ ሠዓሊ ብዙ ዘመን ተዘንግቶ ኖረ። በፖርቶ ሪኮ የተወለደው፥ ከአፍሪካ ዘር የሆነው አርቱር ሾምበርግ በ1926 ዓ.ም. የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሸጦ በገንዘቡ ወደ ስፓኝ የተጓዘው የፓሬሃን ሥራ በዓይኑ ለማየት ጭምር ነው። ቬላዝኬዝ የሣለው የፓሬሃ መልክ ግን በ1970 ዓ.ም. በሎንዶን በጨረታ 2 ሚሊዮን 310 ሺህ ፓውንድ አውጥቶ በኒው ዮርክ ወዳለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባ። በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ሥዕል እርሱ ነው። ያው ሙዚየም ለሠዓሊው ለፓሬሃ ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀው በ2023 ዓ.ም. ነው፤ በሁለቱ መካከል ከኀምሳ ዓመት በላይ አለፈ።

እንግዲህ የመልክ ሥዕልን የሚያስተምርና የሚማር ሁሉ የቀለሙን ጥበብ ካደነቀ በኋላ፥ የተሣለው ማን ነው፥ የሣለውስ ማን ነው፥ በሁለቱ መካከል የነበረው ሕግ ምን ነበር ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የቬላዝኬዝ ብሩሽ ሕጉ የነፈገውን ክብር በፓሬሃ ፊት ላይ አየ፤ ይህ ለሠዓሊው ታላቅ ምስጋና ነው። ነገር ግን ብሩሹ ፓሬሃን ነፃ አላወጣውም። ነፃ ለመውጣት ወረቀትና አራት ዓመት አስፈልጎታል፤ ስሙንም በሸራ ላይ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።