ግማሽ ማራቶንና ጎንደር ጀርባዋን የሰጠቻቸው ወንዞች

ጎንደር የሁለት ወንዞች ከተማ ናት። አንገረብ በምሥራቅ፣ ቀሃ በምዕራብ በኩል አቅፈዋት ይወርዳሉ፤ ከዚያም ከመገጭ ጋር ተገናኝተው ጣና ይገባሉ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ቤተ መንግሥታቸውን የተከሉት በእነዚህ ሁለት ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት ሺዎች የሚዘሉበት የፋሲል መዋኛም የሚሞላው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ነው።

ዛሬስ? ለጥምቀት ካልሆነ በቀር ቀሃን ማን ያስታውሰዋል? ቤቱ ፊቱን ወደ አስፋልቱ፣ ጓሮውን ወደ ወንዙ አዙሮ ይሠራል። ጓሮ ደግሞ ቆሻሻ የሚጣልበት ነው። የከተማዋን ሕዝብ ውኃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም ከተራቆተው ተዳፋት በሚወርድ ደለል እየተሞላ ነው።

የእነዚህን ወንዞች ዋጋ ለማየት የግማሽ ማራቶንን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር ነው። ልኩ የመጣው በ1900 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ከተሮጠው የ42.195 ኪሎ ሜትር ማራቶን ነው። ለኢትዮጵያ ደገኛ ግን ርቀቱ እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአርሲ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ መልሱም 10 ነው። ደብተሩን በብብቱ ይዞ በየቀኑ ግማሽ ማራቶን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ይሮጥ ነበር ማለት ነው። ጎንደርም ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መመለስ ከግማሽ ማራቶን ትንሽ ይበልጣል።

ያ ልጅ አድጎ በ1993 ዓ.ም. ክረምት ክፉ ቀን ገጠመው። ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ ተረከዙን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበርና በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር 3ኛ ወጣ። ለዓመታት ያልተሸነፈው ሰው ተሸነፈ። «አበቃለት» የሚሉ በዙ። መስከረም 27 ቀን 1994 ዓ.ም. ግን በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የአቮንን ወንዝ ተከትሎ በሚሄድ መንገድ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና ተካሄደ። ኃይሌ በ1 ሰዓት ከ3 ሰከንድ አሸነፈ፤ ተስፋዬ ጅፋር በአንድ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ 2ኛ ሆነ። በቀጣዩ ሻምፒዮና ደግሞ ብርሃኔ አደሬ በብራስልስ የሴቶቹን ወርቅ ወሰደች።

ከብሪስቶል ድል በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ተካሄደ። አርአያው በኒውካስል ከተማ የታይንን ወንዝ በድልድይ የሚያቋርጠው ግማሽ ማራቶን ነው። ከዚያ ወዲህ ሩጫ በእኛ አገር የሻምፒዮኖች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብም ሆነ። ሀዋሳ ሐይቋን ይዛ የግማሽ ማራቶን አስተናጋጅ ሆነች።

ጎንደር ይበልጥ ልትማርበት የሚገባት ከተማ ግን የስፔኗ ቫሌንሲያ ናት። በጥቅምት 1950 ዓ.ም. የቱሪያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ሰው ገደለ። መንግሥት ወንዙን ከከተማው ውጭ አዞረውና በደረቀው አልጋ ላይ ፈጣን የመኪና መንገድ ሊሠራበት አሰበ። ነዋሪው «ወንዙ የእኛ ነው፤ አረንጓዴ ይሁን» ብሎ ተነሣ፤ አሸነፈም። ዛሬ ያ አልጋ 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የአትክልት ሥፍራ ነው፤ ሕዝቡ ጠዋት ማታ ይሮጥበታል። ከተማዋ ከሩጫ ጋር ተዋደደች። ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. 1:02:52፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 57:30 ገብተው የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት በዚህችው ከተማ ጎዳናዎች ላይ ነው።

«ሕዝቡ የቧንቧ ውኃ አጥቶ ሳለ ስለ ሩጫ መንገድ ታወራላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አይጣሉም። በወንዝ ዳር የሚተከለው ዛፍና ሣር አፈሩን ይይዛል፤ ደለልንም ይቀንሳል። ያው ሥፍራ ሰው የሚሮጥበት፣ አዛውንት የሚናፈሱበት ጥላ ይሆናል። ሰው በየቀኑ በሚመላለስበት ወንዝ ዳር ቆሻሻ መድፋት ደግሞ ያሳፍራል። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወንዙን ዳርቻ ከግንባታ ማዳን፣ ፍሳሹን ከወንዙ መለየት፣ ከላይ ያለውን ተዳፋት በደን መሸፈን ነው። አስፋልት እንኳ አያስፈልግም፤ ለሯጭ ጉልበት የሚሻለው አፈር ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን ሰላም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የግጭቱን ዋጋ የሚከፍለው ነዋሪው ነው። ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት ቦታ ማን 21 ኪሎ ሜትር ይሮጣል? ወንዝ ዳር ያለ ሥጋት የሚሮጥ ወጣት የታየ ቀን፣ ከተማው ጤና ማግኘቱን ያን ጊዜ እናውቃለን።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ሁለት ወንዞች፣ ከኋላዋ የሰሜን ተራሮች። ሌሎች ከተሞች በገንዘብ የማይገዙት ይህ ሁሉ ጎንደር እጅ ላይ አለ። የቀረው ፊትን ወደ ወንዙ መመለስ ነው። ፋሲል ቀሃን አክብረው መዋኛ ሠሩበት፤ የዛሬው ትውልድስ ምን ይሠራበታል?