የባሩድ ጨውና የመንዝ ገብስ

ስለ ሸዋ ነገሥታት የሚጽፉ ሰዎች ጦሩንና ጋሻውን፥ ፈረሱንና ጠመንጃውን በሰፊው ያነሣሉ፤ በጠመንጃው ውስጥ ስለሚገባው ዱቄት ግን እምብዛም አይናገሩም። እኛ ስለዚሁ ዱቄት ጥቂት ለማለት የተነሣነው፥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከባላገሩ እርሻ ስለሚያደርስ ነው።

እንደሚታወቀው የሸዋ ነገሥታት ቤት በ17ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ከመንዝ በተነሡት በነጋሲ ክርስቶስ ተመሠረተ። የእርሳቸው ተወላጅ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የጠመንጃ ፍቅራቸው ብርቱ ነበር፤ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲዋዋሉ መልእክተኛው ሐሪስ ካቀረበላቸው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ይገኙበታል። ጠመንጃው ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ ባሩዱ ባገር ውስጥም ይሠራ ነበር።

ባሩድ የሦስት ነገር ድብልቅ ነው። በአውሮፓ በተለመደው ልክ ከ100 እጅ 75ቱ የባሩድ ጨው፥ 15ቱ ከሰል፥ 10ሩ ድኝ ነው። ከሰል አይቸግርም፤ ድኝም በአፋር ቆላ አለ። ዋናው ግን ጨው ነው፤ ባሩድ በታፈነበት ሆኖ የሚነደው ጨው በያዘው ኦክሲጅን ነውና። ሊቃውንት ፖታሲየም ናይትሬት ይሉታል። ናይትሬት ማለት አንድ ናይትሮጂን ከሦስት ኦክሲጅን ጋር የተዋሐደበት ነው።

ይህ ነገር የሚወለደው በበረት ነው። ሽንትና እበት ሲበሰብስ መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ ዓይን የሚያቃጥለውን ሽታ በረት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎም በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በውሃ ፈጥኖ ስለሚሟሟ ዝናብ ከመታው አይቆይም። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ባሩድ ሠሪዎች ዝናብ ያልነካውን የዋሻና የአሮጌ በረት አፈር እየፈለጉ፥ በውሃ አጥበው፥ ከአመድ ጋር አዋሕደውና አፍልተው ጨውን ያወጡት ነበር።

ገብስም የሚመገበው ይህንኑ ናይትሬት ነው። በመንዝና በግሼ ደጋ ግን ብርዱ ነፍሳቱን ያዘገያቸዋል፤ የክረምቱም ዝናብ የተገኘውን አጥቦ ወደ ወንጪትና ወደ ጀማ ገደል ያወርደዋል። በዚህ ላይ እንጨት ስላነሰ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ናይትሮጂኑ በጢስ ይሄድና በአመዱ ፖታሲየምና ፎስፎረስ ይቀራሉ። ባላገሩን በዚህ የሚወቅሱ አሉ። እኛ ግን በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያድረውን ሰው ምድጃህን አጥፋ ለማለት አንደፍርም።

በደብረ ብርሃንና በሸኖ በኩል ደግሞ ጋይ የሚባል ልማድ አለ፤ ሣሩን ከነአፈሩ ከምሮ ማቃጠል ነው። እሳቱ በአፈሩ የተከማቸውን ናይትሮጂን ለሰብል ፈጥኖ ያደርሰዋል፤ ገብሱም ያምራል። ነገር ግን ጎተራን በአንድ ጊዜ እንደ መገልበጥ ስለሆነ መሬቱ ከጥቂት አዝመራ በኋላ ብዙ ዓመት ጦም ያድራል።

ባላገሩ ሌላ የተሻለ ዘዴ ያውቃል፤ ባቄላ ከነበረበት ማሳ ላይ በዓመቱ ገብስ ይዘራል። ባቄላ በሥሩ እባጭ ውስጥ ባሉ ነፍሳት አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር እንደሚስብ ጀርመናዊው ሄልሪገል የገለጸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ነው። በ1909 ፍሪትዝ ሀበር ከአየር አሞኒያ አወጣ። በ1914ቱ ጦርነት ጀርመን ይህን ለፈንጂ አዋለችው፤ ለማዳበሪያም ዋለ።

ዛሬ ወደ ደጋው ከሚደርሰው ዩሪያ ከ100 ኪሎ 46ቱ ናይትሮጂን ነው። እርሱም በአፈር ውስጥ ናይትሬት ከሆነ በኋላ ዝናቡ አይምረውም፤ የግብርና ሠራተኞች ከፊሉ በዘር ጊዜ፥ የቀረው ቡቃያው ከቆመ በኋላ ይበተን የሚሉት ስለዚህ ነው።