«ነጂ» እያለ «አሽከርካሪ» ለምን?

«የመሣሪያ አሽከርካሪ አልተገኘም» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የኮምፒውተር ጽሑፎች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል፤ ሥር ሳይሰድ መታረም አለበት። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነ ሰው ዋይፋዩ እምቢ ብሎት መፍትሔ ፍለጋ ሲነሣ ቶሎ ከሚገጥሙት ቃላት አንዱ ይኸው ስለሆነ፣ ቃሉ ከተጣመመ ፍለጋውም አብሮ ይጣመማል። ጽንሰ ሐሳቡ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ስርዓተ ክወናው አንድን ካርድ፣ ካሜራ ወይም ማተሚያ እንዲያዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም እንግሊዝኛው ድራይቨር ይለዋል። እኛስ ምን እንበለው?

«አሽከረከረ» የወጣው ከ«ተሽከረከረ» ነው፤ ሽክርክሪትን፣ ጎማንና መሪን ይዞ ይመጣል። ስለ መኪና የሚናገረው የትራፊክ ሕግ «አሽከርካሪ» ማለቱ ያምርበታል። የዋይፋይ ካርድ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። «ነዳ» ከዚህ ይሰፋል። ግእዙ «ነድአ» ከብት መንዳት ነው፤ አማርኛ መጨረሻውን አሳጥሮ «ነዳ» አለው፣ ከ«ወሰደ» «ወሳጅ» እንደሚወጣ ሁሉ ድ ወደ ጅ ተለውጦ «ነጂ» ተገኘ። («ነዳጅ» ከ«ነደደ» የተወለደ ነውና ከዚህ ቤት አይቈጠርም።) ከብት ነጂ የከብቱን እግር አይተካም፤ የራሱ ጉልበት ያለውን እንስሳ ወደሚፈለገው ቦታ ያስኬደዋል እንጂ። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ከካርዱ ጋር ያለው ዝምድና ይኸው ነው። ደግሞም «በስሜት የሚነዳ ሰው» ስንል ግሱ ከከብትና ከመኪና ወጥቶ ለረቂቅ ነገር እንደሚያገለግል ራሳችን መስክረናል። የእንግሊዝኛው ግስ ራሱ መኪና ሳይፈጠር ለከብት ይባል ነበር፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የሄዱበትን መንገድ ትተን ጎማ ፍለጋ የምንወጣበት ምክንያት የለም።

«አስተርጓሚ ይሻላል፤ በስርዓተ ክወናውና በዕቃው መካከል ቆሞ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው ያደርሳል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ግን ቃሉ ተይዟል። የፓይተንን ኮድ እያነበበ በቀጥታ የሚያስኬደውን ፕሮግራም ከ«አስተርጓሚ» የተሻለ የሚገልጸው የለም። በዚያ ላይ ድራይቨሩ ከማስተርጎም አልፎ ዕቃውን ይቀሰቅሳል፣ ያስተኛልም፤ የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ ሲከፈት ማውዙ ካልነቃ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ይመጣል፦ «ሁሉም ድራይቨር ይላል፤ ለምን አንተወውም?» «ኮምፒውተር»ንና «ዋይፋይ»ን ተቀብለናል፣ ደግም አደረግን። «ድራይቨር» ግን «ድራይቭ» የሚባል ጎረቤት አለው። ሃርድ ድራይቩ የተበላሸበትና ድራይቨሩ የጠፋበት ሰው በስልክ እርዳታ ሲጠይቁ በአንዲት «ር» ብቻ መለየታቸው ለጠያቂውም ለመላሹም ጣጣ ነው። «ነጂ» ከማንም ጋር አይምታታም፤ አጭር ነው፣ ይረባልም፦ የድምፅ ነጂ፣ ነጂ ያጣ ካርድ፣ ነጂዎቹ ታደሱ።

የቃሉ ጥራት የሚፈተነው ሥራው ላይ ነው። በሊኑክስ አብዛኞቹ ነጂዎች የስርዓተ ክወናው እምብርት ከሆነው ከከርነሉ ጋር አብረው ይመጣሉ። «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትእዛዝ «ኬ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲጻፍ ካርዶቹን ይዘረዝርና ከእያንዳንዱ ሥር በሥራ ላይ ያለውን ነጂ ስም ያሳያል፤ መስመሩ ከሌለ ካርዱን የያዘው ነጂ የለም ማለት ነው። ነጂው እያለ ዋይፋዩ ዝም ካለ ደግሞ የከርነሉን መልእክቶች በ«ዲመሰግ» ማየት ይገባል፤ እዚያ ፈርምዌር መጫን እንዳልተቻለ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ፈርምዌር የኮምፒውተር ባለሙያው አሸር ኦፕለር እ.ኤ.አ. በ1967 የፈጠረው ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራውን ኮድ ይገልጻል። የኢንቴል ዋይፋይ ነጂ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ ፈርምዌሩ ግን ለብቻው የሚመጣ ፋይል ነው። ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ የሆነው ደቢያን ነፃ ፈቃድ የሌላቸውን እንዲህ ያሉ ፋይሎች በመጫኛው ለማካተት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 በአባላቱ ድምፅ ሲሆን፣ ውሳኔው በተግባር የታየው በ2023 በወጣው 12ኛው እትም ነው። ነጂውንና ፈርምዌሩን ሁለቱንም «የመሣሪያ አሽከርካሪ» ብሎ የሚጠቀልል መመሪያ ተጠቃሚውን ያለውን ነጂ ደግሞ ደጋግሞ ሲጭን ያውለዋል። «ነጂው አለ፤ የጎደለው ፈርምዌሩ ነው» የተባለ ሰው ግን የትኛውን ፋይል መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ለፈርምዌር እስካሁን የሚያረካ አማርኛ አልቀረበም፤ «ጽኑ ሶፍትዌር» ከሚባል እንዳለ ይቆይ። ለድራይቨር ግን ቃሉ በእጃችን ነው። መመሪያ የምትጽፉ፣ ፕሮግራም የምትተረጉሙና የምታስተምሩ ሁሉ «ነጂ» ብላችሁ ጻፉ።