የኮንሶ ካብ

“ዘላቂ ልማት” የሚለው ሐረግ ወደ ቋንቋችን የገባው በቅርብ ጊዜ ቢሆንም ነገሩ ግን ከስያሜው እጅግ ይቀድማል። ለዚህም ኮንሶ ምስክር ነው።

ይህ የደቡብ ኢትዮጵያ ተራራማ ምድር ዝናቡ የማይታመን፣ ድንጋዩ የበዛ ነው። የኮንሶ ሰው ያንኑ ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ እየካበ እርከን ሠራበት፤ ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። እርከኑ አፈሩን ይዞ ያስቀራል፤ የዝናቡን ውኃ ያሰርጋል፤ ትርፉን ደግሞ ጉዳት ሳያደርስ ያሳልፈዋል። በላዩም ማሽላና ሽፈራው ይበቅላሉ።

ይህ የ21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት የበለጠ ድካም ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው በብራና ላይ አይደለም፤ ኃላፊነት ከአንዱ ትውልድ ወደ ተከታዩ ሲተላለፍ በአደባባይ በሚተከል ረጅም የጽድ ግንድ ነው። ግንዱን የሚተክል ትውልድ ካቡንም አብሮ ይረከባል። ወጣቶቹ “ሞራ” በተባለው የጋራ ቤት እያደሩ መንደራቸውን ይጠብቃሉ፤ የከባዱም ሥራ ሸክም በኅብረት ይነሣል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንዲሉ።

ከዚህ ጋር ሌላውን ታሪካችንን እናነጻጽር። በደርግ ዘመን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ገበሬው በምግብ ለሥራ እየተሰማራ ብዙ እርከን ሠርቷል። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ግን ከእነዚያ እርከኖች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ የቀሩትም ጠጋኝ አጡ። ጉድለቱ የድንጋይ አልነበረም፤ የጉልበትም አልነበረም። እርከኑ ከላይ በትእዛዝ የወረደ እንጂ ገበሬው “የአባቴ አደራ ነው” የሚለው አልነበረም። አዛዡ ሲሄድ ትእዛዙም አብሮ ሄደ።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ክብሩ ተገቢ ነው፤ ስጋቱ ግን አልቀረም። ለጀግኖችና ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ የሚቆመው “ዋካ” የተባለው የእንጨት ሐውልት ከመቃብር ላይ እየተሰረቀ ተሽጧል። ሐውልቱ ሲሰረቅ የሚጎድለው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ለልጁ “ይህን ያቆየልህ እገሌ ነው” ብሎ የሚናገር ምስክርም ነው። ምስክሩን ያጣ ልጅ ካቡን እንደ ተራ ድንጋይ ክምር ቢያየው አይፈረድበትም።

ባህል የልማት ጌጥ ሳይሆን መሠረቱ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። መዝገብ ስምን ያቆያል፤ የተናደ ካብን የሚያነሣ ግን አደራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።